አክስቴ አልዋሸችም

ነርሷ የአክስቴን ጣት ወግታ ጠብታዋን ስትሪፑ ላይ አሳረፈች። መለኪያው ጥቂት ሰከንድ ቆጠረና 238 አለ።

«እማማ፣ ትናንት ማታ ምን በሉ?»

«ከኢሻ በኋላ ውሃ ብቻ ነው የጠጣሁት፣ የኔ ልጅ።»

«ምንም ሳይበሉ እዚህ አይደርስም። እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ወላሂ እውነቴን ነው!»

ነርሷ ቀና አላለችም። ቁጥሩን ካርዱ ላይ ጻፈችና ጣፋጭ እንድትቀንስ ነግራ ቀጣዩን ሰው ጠራች። ይህ የሆነው በድሬዳዋ ከሚገኙ የጤና ተቋማት በአንዱ፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ድሬ ላይ አንተና አንቺ መባባል ንቀት አይደለም፤ አክስቴን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «አዴ፣ ነይ» እያለ ነው የሚጠራት። ያቺ ነርስ «እርስዎ» እያለች አከበረቻት፣ ግን አላመነቻትም። አክስቴ ባጃጅ እስክንገባ ድረስ አንድ ቃል አልወጣትም። ከዚያ «ቆሽቴን አሳረረችው» አለች። «በስልሳ ዓመቴ ውሸታም ተባልኩ።»

እኔም ተጠራጥሬያት እንደነበር መደበቅ አልችልም። ማታ ማታ ሰው ሲተኛ ሐላዋ ትቀምስ ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር። ነገሩን ስከታተልና ሐኪሞችን ስጠይቅ ግን ያፈርኩት በራሴ ነው። ያን ጠዋት በአክስቴ ደም ውስጥ የተገኘው ስኳር በአፏ የገባ አልነበረም። የወጣው ከገዛ ጉበቷ ነው። ጉበቱን ያልከለከለው ደግሞ በንዴት ስሙን የጠራችው አካል ነው፤ ቆሽቷ።

አማርኛ ቆሽትን የሚያነሳው ሲናደድ ብቻ ነው። ልብ ይሰበራል፣ አንጀት ይራራል፣ ሆድ ይብሳል፤ ቆሽት ግን ከማረርና ከመደበን ሌላ ሥራ አልተሰጠውም። ለአረፋ ወይም ለፋሲካ በግ የገፈፈ ሰው ቆሽትን አይቶታል፣ ምናልባት ሳያውቀው። ጨጓራው ሲነሳ ከኋላው፣ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ጋር ተጣብቆ የተጋደመ፣ ገርጣ ያለ፣ ጉብጉብ የሚል ሥጋ ነው። ከጣፊያ ጋር የሚያምታታው ብዙ ነው፤ ጣፊያ ጠቆር ያለ ቀይ ሆኖ በግራ በኩል የሚገኘው ነው፤ የቆሽት ጅራት ሊነካው ይደርሳል። የሰው ቆሽት ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ክብደቱም በአብዛኛው 100 ግራም አይሞላም።

አብዛኛው ክፍሉ የሚሠራው ለምግብ መፈጨት ነው፤ ቅባትና ሥጋ የሚያልም ፈሳሽ እያዘጋጀ ወደ አንጀት ይልካል። የቀረው፣ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ የሚሆነው፣ ሌላ ነገር ነው። በ1869 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ፓውል ላንገርሃንስ የተባለ የሃያ አንድ ዓመት የሕክምና ተማሪ ቆሽትን በአጉሊ መነጽር ሲመረምር፣ በፈሳሽ አመንጪው ሥጋ መሃል እንደ ደሴት ተነጥለው የተቀመጡ የሕዋስ ክምችቶች አየ። ምን እንደሚሠሩ ግን አላወቀም። በኋላ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ለአየሩ ሲል ማዴይራ ወደምትባል ደሴት ሄደ፤ በ1888 እዚያው በአርባ ዓመቱ ሞተ። በሞተ በዓመቱ ስትራስቡርግ ውስጥ ተመራማሪዎቹ ሚንኮውስኪና ፎን ሜሪንግ የአንድን ውሻ ቆሽት ቆርጠው ሲያወጡ፣ ውሻው ሽንቱ ስኳር የሞላበት የስኳር ሕመምተኛ ሆነ። የላንገርሃንስ ደሴቶች የሚባሉት እነዚያ ክምችቶች በአንድ ጤነኛ ሰው ቆሽት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ናቸው። ኢንሱሊን የሚለው ስም ራሱ ከላቲኑ «ደሴት» የመጣ ነው።

ደሴቶቹ የሚጠብቁት ነገር መጠኑ ትንሽ ነው። አምስት ሊትር ደም ያለው ጤነኛ ሰው ምግብ ባልቀመሰበት ሰዓት በደሙ ሁሉ ውስጥ የሚዞረው ስኳር አራት ወይም አምስት ግራም ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ። ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ተቀምጠን የምንጠጣት አንዲት ብርጭቆ ሻይ ሦስት ማንኪያ ትይዛለች። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ገደማ አለው። አንድ ሰው ሻዩን ጨርሶ ሲነሳ በደሙ ከነበረው ስኳር ሦስት እጥፍ ጠጥቷል ማለት ነው፤ ጤነኛ ከሆነ ግን ከሁለት ሰዓት በኋላ ደሙ ሲለካ ተመልሶ ወደዚያችው ማንኪያ ቀርቧል። ከምግብ በፊት ከ70 እስከ 100 ሚሊ ግራም በዴሲሊትር የምንለው ቁጥር ይህችው ማንኪያ ናት። በባዶ ሆድ ተደጋግሞ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሙ የስኳር ሕመም ይለዋል። 180 ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት መልሶ መያዝ ያቅተውና ስኳሩ ከሽንት ጋር ይፈሳል፤ ውሃም አብሮት ይሄዳል። ጥሙ የሚመጣው ከዚህ ነው። በድሬ ሙቀት ግን ውሃ ጥም የማይለቀው ሰው «ፀሐዩ ነው» እያለ ራሱን ያጽናናል፤ ስንቱ በዚህ ሰበብ ሳይመረመር እንደሚከርም ሳስብ ይቆጨኛል።

ረመዳን ገባ። ሐኪሙ አክስቴን ስኳርሽ ገና ስላልተረጋጋ ዘንድሮ አትጹሚ ብሏታል። ሃይማኖቱም ለታመመ ሰው ፈቃድ ይሰጣል። እሷ ግን ለሚጾሙት ሳምቡሳ ትጠብሳለች፤ ከቀትር በኋላ ጀምሮ የግቢው አየር ዘይትና ቅመም ነው። ምሽት 12 ሰዓት አልፎ ጥቂት ሲቆይ ከመጋላ መስጊዶች አዛኑ ይሰማል፤ ቴምር ይቀርባል፣ ከዚያ ሹርባው፣ ሳምቡሳው፣ ሙሸበኩ።

ቴምሯ አንጀት ስትደርስ ስኳሩ ገና ደም ውስጥ በወጉ ሳይሰራጭ ወሬው ቆሽት ይደርሳል። ጂኤልፒ አንድ የሚባለውን ጨምሮ አንጀት የሚልካቸው ሆርሞኖች አሉ፤ «ምግብ መጥቷል፣ ተዘጋጅ» ይሉታል። በዚህም የተነሳ በአፍ የተበላ ስኳር በደም ሥር ከተሰጠው ይልቅ ብዙ ኢንሱሊን ያስወጣል። ቤታ የሚባሉት የደሴቶቹ ሕዋሳት ደግሞ ስኳሩን የሚለኩት በመቅመስ ነው። ከደሙ ይገባላቸዋል፤ ያቃጥሉታል። ከቃጠሎው የሚያገኙት ጉልበት ሲበዛ ፖታሲየም የሚወጣበት በር ይዘጋል፤ ይህን ተከትሎ የካልሲየም በር ይከፈታል፤ ካልሲየም ሲገባ ኢንሱሊን የሞሉት ከረጢቶች ይፈሳሉ። ደሙ በጣፈጠ ቁጥር ፍሰቱ ይበረታል። ስኳሩ ሲወርድ ፍሰቱም ይቀንሳል፤ የተለቀቀው ኢንሱሊን ደም ውስጥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስለሚከስም የትናንቱ ትእዛዝ ለዛሬ አይተርፍም።

ትእዛዙ መጀመሪያ የሚደርሰው ጉበት ነው፤ ከቆሽት የሚወጣው ደም በቀጥታ እዚያ ያመራል። ድሬ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሜዳ ላይ ቆመ፤ ከተማዋም በዚሁ ተቆረቆረች። ዕቃ ከፉርጎ ይወርዳል፣ መጋዘን ይገባል፣ ሲያስፈልግ ወደ ደጋው ይላካል። ጉበትም መጋዘን ነው። ኢንሱሊን ሲመጣለት ስኳሩን እየሰበሰበ ግላይኮጅን በሚባል መልክ እስከ 100 ግራም ያህል ይከምራል፤ ከመጋዘኑ ማውጣቱንም ያቆማል። ጡንቻ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይይዛል፤ ግን ለራሱ ብቻ ነው፣ ለሌላ አያበድርም። የጡንቻና የስብ ሕዋሳት ስኳር የሚያስገቡበትን በር ወደ ላይኛው ቆዳቸው የሚያወጡት ኢንሱሊን ሲያንኳኳ ነው። ጡንቻ በሥራ ላይ ሲሆን ግን ያለ ኢንሱሊንም ስኳር ይስባል፤ ከማፍጠሪያ በኋላ ተራዊህ የሚሰግድ ሰው፣ እየቆመ እየሰገደ፣ ሳያውቀው ቆሽቱን እያገዘ ነው።

ይህ ሁሉ በአክስቴ ጎረቤት በሚኖር የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ላይ አይሠራም። የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ተሳስቶ ቤታ ሕዋሳቱን ፈጅቷቸዋል፤ አንደኛው ዓይነት የሚባለው ይህ ነው። እስከ 1922 እ.ኤ.አ. ድረስ እንዲህ ያለ ልጅ እየከሳ የሚሞት ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ወር ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በተመራማሪዎቹ በባንቲንግና በቤስት እጅ ከእንስሳ ቆሽት የተዘጋጀ ፈሳሽ ተወጋ። የመጀመሪያው ብዙም አልረዳውም፤ ኮሊፕ የተባለው ባለሙያ አጣርቶ ያዘጋጀው ሁለተኛው ግን ከሞት መለሰው። ጎረቤታችን ያለው ልጅ ዛሬ በቀን ሁለቴ ራሱን ይወጋል። እናቱ የምትፈራው መርፌውን ሳይሆን ሙቀቱን ነው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ የተከፈተውም ቢሆን ድሬ በሰኔ የምትሰጠውን ከ35 ዲግሪ የሚያልፍ ቀን አይወድም። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ይሞቃል፤ በረዶ ቤት ውስጥ ከገባ ደግሞ ይበላሻል። ስለዚህ ሁለት የሸክላ ማሰሮዎች አሏት፤ ትንሹ በትልቁ ውስጥ፣ በመሃላቸው እርጥብ አሸዋ። ብልቃጡ በደረቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ ውስጥ ይቀመጣል። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ውሃው ቶሎ እየተነነ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ጠዋትና ማታ አሸዋውን ውሃ የምታጠጣው እሷ ናት፤ ልጇ ትምህርት ቤት ሲውልም ልቧ ማሰሮው ላይ ነው።

ወደ አክስቴ ልመለስ። በሽታው በአማርኛ ስሙ «ስኳር» ነው። «ስኳር አለበት»፣ «ስኳር ያዛት» እንላለን፤ በዚህም ጥፋቱን ለስኳሩ፣ ከስኳሩም አልፎ ለበላው ሰው እንሰጣለን። ስኳር ግን በሁላችንም ደም ውስጥ አለ፤ ባይኖር አንጎላችን በደቂቃዎች ውስጥ በጨለመ ነበር። የታመመው ጠባቂው ነው። ስሙ «ቆሽት ያዛት» ቢሆን ኖሮ ነርሷ ያን ጥያቄ በዚያ ድምፅ ትጠይቃት ነበር? አይመስለኝም።

ጥፋቱ የስኳሩ እንዳልሆነ ከሁሉ የሚልቀውን ማስረጃ ያገኘሁት ከጎንደር ነው። የጎንደር ሐኪሞች በገጠር ሲሠሩ አንድ ግራ የሚያጋባ ሕመምተኛ ደጋግመው አዩ፤ ወጣት፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ፣ ድሃ ገበሬ፣ ከሲታ፣ ኢንሱሊን ካልተወጋ የማይሻለው። ጣፋጭ አብዝቶ አይደለም፤ በልጅነቱ እህል ያነሰው ሰው ነው። ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ጥያቄውን በግልጽ አነሱ፤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ሕመም የሚባለው መዝገብ እንደገና ሊከፈት አይገባም ወይ? የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት በ1985 ዕውቅና ሰጥቶት፣ በ1999 ከዝርዝሩ አውጥቶት ነበር። በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ባንኮክ ላይ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን አምስተኛው ዓይነት ብሎ ተቀበለው። የጎንደሩ ገበሬ በወግ የሚጠራበት ስም እስኪያገኝ ይህን ያህል ዓመት ፈጀ። በእንዲህ ያለ ሰው ፊት «ጣፋጭ ቀንስ» ማለት ምን ያህል ያማል!

የአክስቴ ግን ሁለተኛው ዓይነት ነው። ኢንሱሊን አላት፤ ሰውነቷ ግን ድምፁን በደንብ አይሰማም፤ ቤታ ሕዋሳቷም በዓመታት ድካም ዝለዋል። ይህ ብቻውን የጠዋቱን 238 አይፈታውም። ለመፍታት ስለ ቆሽት ስናወራ ሁልጊዜ የምንዘለውን ሌላውን ሆርሞን መጥራት አለብን፤ ግሉካጎንን። በ1923 እ.ኤ.አ. ኢንሱሊን በዓለም ዙሪያ ሲወራ ነው ስሙ የወጣለት፤ እስከ ዛሬም ከወንድሙ ጥላ አልወጣም።

ጾም ምን እንደሆነ በሚያውቅ አገር ግን ግሉካጎን ሊታወቅ ይገባው ነበር። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆየው ምእመን፣ ከንጋት እስከ መግሪብ የሚውለው ጿሚ፣ ሁለቱም ደማቸው ያቺን አንድ ማንኪያ ሳያጎድል የሚያደርሳቸው እሱ ነው። አንጎል በቀን 120 ግራም ያህል ስኳር ይፈልጋል፤ የተበላው ከአንጀት ካለቀ በኋላ ከየት ይምጣ? ስኳሩ ዝቅ ማለት ሲጀምር በእነዚያው ደሴቶች፣ ከቤታ ጎን የሚኖሩት አልፋ ሕዋሳት ግሉካጎን ይለቃሉ። ለጉበት የሚነግረው የኢንሱሊንን ተቃራኒ ነው፤ መጋዘኑን ክፈት። ጉበት ግላይኮጅኑን እየፈታ ያወጣል፤ ሰዓቱ ሲረዝም ከሥጋና ከስብ ፍርስራሽ አዲስ ስኳር ይሠራል። በሁለቱ መካከል ያለው ጉርብትና ይገርመኛል። ኢንሱሊን ከቤታ ሲወጣ ከቀዳሚዎቹ ሰሚዎቹ አንዱ ጎረቤቱ አልፋ ነው፤ «አሁን ዝም በል» ይለዋል። ኢንሱሊን ሲደክም ጎረቤቱን ዝም የሚያሰኘው ይጠፋል። ግሉካጎን ያለ ልክ ይናገራል፤ ጉበትም መጋዘኑ በተሞላበት፣ ደሙም በጣፈጠበት ሰዓት ሳይቀር ያወጣል።

መድኃኒቱም የሚገባው በዚሁ ነው። አክስቴ የምትውጠው ሜትፎርሚን ዋና ሥራው ይህን ጉበት ማስታገስ ነው። ብዙ ሰው የሚወስደው ግሊቤንክላማይድ ደግሞ ቅድም ያነሳሁትን የፖታሲየም በር በግድ ይዘጋል፤ ደሙ ጣፈጠም አልጣፈጠም ኢንሱሊን ያስወጣል። ስለዚህ ጾም ላይ ያለን፣ ወይም ከምሳ በፊት የጫት በርጫ ላይ ተቀምጦ ምግብ የረሳን ሰው፣ ስኳሩን ከ70 በታች ጥሎ በላብ፣ በመንቀጥቀጥና በግራ መጋባት ሊዘርረው ይችላል። ያኔ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም መለካት ያስፈልጋል። የሚጾም ሕመምተኛም ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ካየ ጾሙን ሊፈታ እንደሚገባ ሐኪሞች ይመክራሉ፤ ይህን ከረመዳን በፊት ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ከሁሉ ይቀድማል።

ይህን ሁሉ ስነግራት አክስቴ ዝም ብላ ሰማችኝ። «ጉበቴ ነው የሚያጋልጠኝ ማለትህ ነው?» አለች። አዎ አልኳት። «እንግዲያስ እደርና እይ።»

በረመዳን ሁለተኛ ሳምንት አንድ ሌሊት እሷ ቤት አደርኩ። ማታ 2 ሰዓት ላይ እራቷን በላች፤ ሑልባትና አንድ ዳቦ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ብቻ። ምሽት 4 ሰዓት ላይ ለካኋት፣ 171። መኝታዋ ግቢው ውስጥ፣ ከመረብ ሥር ነበር፤ እኔ ደጃፉ ላይ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቀሰቀስኳት፣ 176። በደንብ ሳትነቃ እጇን ሰጠችኝ። ከ10 ሰዓት በኋላ ቤቱ ሁሉ ለስሁር ተነሳ፤ ሩዝ ቀረበ፣ ወተት ሻይ ቀረበ፣ ሽታው እኔን ሳይቀር አስራበኝ። እሷ ትራሷ ላይ ተደግፋ ሲበሉ አየቻቸው። የልጅ ልጇ ጉርሻ ይዛላት ስትመጣ «ዛሬ አይቻልም፣ ምስክርነት ላይ ነኝ» ብላ መለሰቻት።

ሲነጋ ሰውነት ለመንቃት ይዘጋጃል፤ ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞን ከፍ ይላሉ፤ ሁለቱም ጉበትን ይገፋሉ። ጤነኛ ቆሽት ትንሽ ኢንሱሊን ጨምሮ ያካክሰዋል፤ የሷ አልቻለም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይዋ በደቻቱ በኩል ገና ብቅ ስትል፣ 219።

መለኪያውን ከእጄ ተቀብላ ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ ወረቀት እንዳመጣ ጠየቀችኝ። ሦስቱን ሰዓትና ሦስቱን ቁጥር በእኔ እጅ አስጻፈችኝ፤ ከሥሩ «ምንም አልበላችም» የሚል እንድጨምር አዘዘችኝ፤ ስሜንም አስፈረመችኝ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ የክትትል ካርዷ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ቁርሷን ልትሠራ ወደ ማድ ቤት ገባች።